በሃምሳው የሚሰግደው ልብስ ሰፊ

ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ወገብ እንዳለውም አያውቅም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲያ ነበርሁ። ቢቸና ገበያ ዳር ካለች በረንዳ ላይ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ፊት ተደፍቼ የሰው ሱሪ ሳሳጥርና ሳስረዝም ዕድሜዬን ስፈጅ፣ ወገቤ አንድ ቀን ይቀየመኛል ብዬ አላሰብሁም።

አንድ ቀን መሬት የወደቀ ቁልፍ ላነሣ ጎንበስ አልሁ። ቁልፉን አገኘሁት፤ ቀና ማለት ግን እምቢ አለኝ። ሱሪውን ቆሞ የሚጠብቀው ደንበኛዬም ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ይፈልግ ጀመር።

«ምንድን ነው የጠፋህ?» አለኝ።

«ወገቤ» አልሁት።

ቢቸና ላይ ወገቤን አመመኝ ያለ ሰው ሐኪም አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ከሐኪሙ ብዛት ማምለጡ ነው። አንዱ ቅቤ ታሽ ይላል፤ አንዱ ጸበል ግባ ይላል፤ ሌላው ደግሞ መንታ የወለደች ሴት ትርገጥህ ይላል። የመጨረሻውን ሞክሬዋለሁ። የረገጠችኝ ሴት መንታ መውለዷ እውነት ነው፤ ጀርባዬ ላይ ስትቆም ግን መንታዎቹን ገና ያልተገላገለቻቸው ነው የመሰለኝ።

ሞጣ በነርስነት የምትሠራው ልጄ ስመኝ ለጥምቀት ስትመጣ እንደ መቀስ ተጣጥፌ አገኘችኝ። ያን ሰሞን ሁለት ወሬ ይዛ ነበር የመጣችው። አንደኛውን ለእናቷ ለጥሩዬ በጓዳ ነገረቻት፦ ይበልጣል የሚባል የሞጣ አስተማሪ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቱ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ የተከበሩ የቤተ ክህነት ሰው፣ ዘር ሳይጠይቁና ጠባይ ሳያጣሩ ዘመድ የማያበጁ። ጥሩዬ ይህን ስትሰማ ከደስታዋ የተነሣ ወጡን አሳረረችው። ሁለተኛው ወሬ ለእኔ ነበር።

«አባዬ፣ ላንተ መድኃኒቱ ዮጋ ነው።»

«የት ይሸጣል?»

«አይሸጥም። ይሠራል» አለችና ስልኬ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ጫነችልኝ። ልጅቷ ትቆማለች፣ ትታጠፋለች፣ እግሯን ከአንገቷ ኋላ ታሳልፈዋለች፣ በዚያ ላይ ፈገግ ትላለች። ጥሩዬ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየቻትና፣ «ምነው፣ ይችን ልጅ አጥንቷን ምን በላው?» አለች። እኔ በሙያዬ የተገረምሁት በሱሪዋ ነው። እንደዚያ የጠበቀ ሱሪ ሰፍቼ ለደንበኛ ብሰጥ ገበያ መሃል ይደበድቡኝ ነበር።

ዮጋ ልጀምር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ምን ላይ እንደሚሠራው ነው። ስመኝ ምንጣፍ አለው ብላኛለች፤ ቢቸና ላይ ግን የለም። የበሬ ቆዳውን ጀንዲ ባነጥፍ እጄ ወደ ፊት እግሬ ወደ ኋላ እየሸሸ በሆዴ አስተኛኝ። ላስቲክ ባነጥፍ ያው ሆነ። መጨረሻ ላይ የበግ አጎዛ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጌ አነጠፍሁና ልክ መጣልኝ።

ቀጥሎ የት ልሥራ ነው። ቤት ውስጥ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ አምፖሉን፣ ወደ ጎን ስዘረጋ የጥሩዬን ብርጭቆ አገኛለሁ። ሁለት ብርጭቆ ከሰበርሁ በኋላ ጥሩዬ ራሷ አጎዛውን ጓሮ አወጣችልኝ። ጓሮው ደግሞ በምዕራብ ሽንት ቤት፣ በሰሜን የላም በረት አለው፤ በደቡብ የቤቱ ግድግዳ ነው። ፊቴን ላዞር የቀረኝ ምሥራቅ ብቻ ሆነ። ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ በባዶ ሆድ ይሠራ ተብሏልና። የቢቸና ማለዳ ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ጋቢዬን እለብሳለሁ። እኔ ይህን ሁሉ ያደረግሁት አንድ በአንድ፣ በበቂ ምክንያት ነው። ከአጥር ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ምን እንደሚመስል ያኔ አልታየኝም።

ስለ ሥራው ምን ልበላችሁ? ልጅቷ የምትለውን ስመኝ በድምፅ እየተረጎመች ትልክልኛለች። «ትንፋሽህን ተከተል» ትላለች። የት ሲሄድ? «ሐሳብህን ባዶ አድርግ» ትላለች። ባዶ ሳደርገው የአንድ ተማሪ የተበላሸ ዚፕ ዘው ብሎ ይገባል። «አፍንጫህን ከጉልበትህ አገናኝ» ትላለች። አፍንጫዬና ጉልበቴ ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ገላ ሲኖሩ ተገናኝተው አያውቁም፤ በስተርጅና ማስተዋወቁ ምን ይባላል? መቀመጫን ወደ ሰማይ አድርጎ በእጅና በእግር መቆም ያለበት፣ እነሱ ውሻ የሚሉት አለ። እሱን ስሠራ አውራ ዶሮአችን ጀርባዬ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ቦታ መጮህ ተወ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን በማግሥቱ እንደገና መነሣቱ ነው። «አባዬ፣ ምስጢሩ ሳያቋርጡ በየቀኑ መሥራት ነው» አለችኝ ስመኝ። እንዴት ተብሎ ነው በየቀኑ የሚሠራው ብዬ ብጠይቃት እሷም አታውቀውም።

የሆነ ሆኖ ሁዳዴ ገባ፤ ባዶ ሆድ እንደ ልብ ሆነ። እጆቼን ወደ ሰማይ ዘርጋ፣ ጎንበስ፣ በግንባሬ መሬት ድፍት፣ ቀና፣ እንደገና ዘርጋ የሚለውን ተለማመድሁ። ወገቤም ቀስ በቀስ ይላላልኝ ጀመር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ እታገኝ በባሕር ዛፉ አጥር ክፍተት አዩኝ። ወይዘሮ እታገኝ ባላቸው የሞተባቸው፣ እኔን በዕድሜ የሚበልጡ ደግ ሴት ናቸው፤ አንድ ነገር ካዩ ግን ለብቻቸው ይዘው ማደር አይሆንላቸውም። በማለዳ፣ በአጎዛ ላይ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚነሣና የሚወድቅ ጎረቤት አዩ። አለቀሱ።

«ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ሰው መሆንህን ሳላውቅ!» አሉኝ ገበያ ላይ። «ስንት ዓመት ሙሉ የሱሪ ነገር ብቻ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር።»

መቼም ሰው ሲያመሰግን ማቋረጥ ነውር ነው። ዝም አልሁ። በሳምንቱ በረንዳዬ ላይ ሰው ሲያልፍ ቆብ ማውለቅ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። የሚጣላ ባልና ሚስት እንኳ አስታርቀን ብለው መጡ። ጥሩዬ ይህን እያየች በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለራሴም እየመሰለኝ መጥቶ ነበር። አረማመዴ ሁሉ ተለወጠ።

ፋሲካ ደረሰ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ከረምን። ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ወገቤ «እህ» ሲለኝ አጎዛዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዘርጋ፣ ጎንበስ፣ ድፍት። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። የወይዘሮ እታገኝ ጀሪካን ነው።

የዘነጋሁት ነገር ምን መሰላችሁ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ስግደት የለም። ጾም የለም፣ መውደቅ መነሣት የለም፤ የደስታ ጊዜ ነው። ይህን የሦስት ዓመት ሕፃንም ያውቀዋል። በሁዳዴ የሚሰግድ ሰው ደግ ክርስቲያን ነው። በሃምሳው የሚሰግድ ሰው ግን የሠራው ኃጢአት ቢበዛ ነው እንጂ፣ አገር ሁሉ ባረፈበት ማን ዕረፍት ከለከለው?

በረንዳዬ ፊት የሚያልፈው ሰው ቆቡን መልሶ አደረገ። ጨርቅ ሳይዝ የሚመጣ ደንበኛ በዛ፤ ቆም ብሎ እጄን ያየኝና ይሄዳል። አንድ የማላውቀው ሰው ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «አይዞህ፣ ሁላችንም ሰዎች ነን» ብሎኝ ሄደ። ሱሪውን ትቶት ነው የሄደው።

ይባስ ብላ ጥሩዬም አንድ ጠዋት አፍጥጣ አየችኝ።

«እኔ የምልህ፣ እውነት ግን የሠራኸው ነገር የለም?»

«አንቺም? ወገቤን መሆኑን እያወቅሽ?»

ትንሽ አሰበችና፣ «አይ፣ ለካ አንተ መቼ ወኔው ኖሮህ» አለች። ንጹሕ መሆኔ እንዲህ ባለ ምክንያት ሲመሰከርልኝ አልወደድሁትም።

የነፍስ አባታችን ቄስ ሙሉቀን መጡ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ በር ላይ ይቀልዳሉ፤ ያን ቀን ግን እንደተከዳ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

«ልጄ፣ እኔ የሰጠሁህ የንስሐ ቀኖና አለ?»

«የለም አባቴ።»

«ታዲያ ማን ሰጠህ? ጥርስህን ሳትነቅል ጀምሮ የማውቅህ እኔ፣ ልጅህን ያጠመቅሁ እኔ! ዛሬ እኔን ንቀህ ሌላ የነፍስ አባት ያዝህ?»

እንባቸው ሊመጣ ሆነ። ኃጢአቱን እንኳ ምንም አላሉም፤ የከነከናቸው ለሌላ ቄስ መንገሬ ነው። በሚካኤል ምዬ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁ። «እስኪ አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው። «ስሙ ማን ይባላል?» አሉ።

እዚህ ላይ ደነገጥሁ። የዚያ እንቅስቃሴ ስሙ ለፀሐይ ሰላምታ ነው። እንግዲህ ይታያችሁ፤ በማለዳ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ለነፍስ አባት «ፀሐይን ሰላም እያልሁ ነው» ማለት! ባለ ከባድ ኃጢአት ብባል ይሻለኛል።

«የወገብ መፍቻ ይባላል አባቴ» አልሁ።

«ወደ ምሥራቅስ ለምን ዞርህ?»

«በምዕራብ ሽንት ቤቱ ነው።»

ያን ጊዜ እስኪንፈቀፈቁ ሳቁ። «በል ተወው፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ምንም የለበትም እላለሁ» ብለው መረቁኝና ወጡ። እንዳሉትም አደረጉ። ነገሩን የባሰ ያበላሸው ይኸው ነው። የነፍስ አባት የንስሐ ልጁን ኃጢአት አያወጣም፤ አገር ያውቀዋል። ቄስ ሙሉቀን «ምንም የለበትም» ባሉ ቁጥር ሰው ሁሉ «አዪ ጉድ፣ ለካ እንዲህ ከባድ ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ወሬ ደግሞ እግር አያጣም። ከቢቸና ሲነሣ «አንድ ነገር ሠርቷል» ነበር፤ ሞጣ መናኸሪያ ሲወርድ «ሰው ገድሏል» ሆኖ ወረደ። ስመኝ ደወለች፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«አባዬ፣ መሪጌታ ሰምተዋል። ደም ካለበት ቤት ልጄን አልድርም፣ ነገ ደመኛ ሲመጣ ልጄ ነው የሚሞትብኝ አሉ። ሽማግሌው ቀረ።»

የሳቁ ነገር እዚያ ላይ አበቃ። የኔ ልጅ፣ ሳቋ ቤት የሚሞላው፣ በስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እኔ ወገቤን ሳቃና የልጄን ትዳር አጣመምሁ። ለሁዳዴው ምስጋና ዝም ያለ አፍ ለሃምሳው ሐሜት ቢከፈት ማን ይሰማዋል?

«ዮጋ ነው በላቸዋ!» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ዮጋ ቢሉኝስ?»

«ስሙን ብቻ እንዳትጠራ» አለች ቀስ ብላ።

አጎዛውን ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ሰቀልሁት። እምላለሁ፣ ሁለተኛ ጎንበስ አልልም አልሁ። ወገቤ ግን አልማለም፤ በሳምንቱ እንደ ድሮው ደረቅ አለ።

መሪጌታ እንደ ቀሩ አልቀሩም። ይበልጣል ምን ብሎ እንደ ለመናቸው አላውቅም፤ ብቻ «እንግዲያው በዓይኔ አይቼ እቆርጣለሁ» ብለው፣ የልጅ አባት ከሽማግሌ ጋር አይመጣም የሚለውን ወግ ትተው፣ ከአንድ ወንድማቸው ጋር ራሳቸው መጡ። ቄስ ሙሉቀን በእኛ በኩል ተቀመጡ። ስመኝ እንደ ወጉ ጓዳ ገባች። ወይዘሮ እታገኝ በክፍቱ በራችን ትይዩ ከአጥሩ ጋር ተሰፉ።

መሪጌታ ረጅም፣ ቀጭን፣ መቋሚያቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ናቸው። ቁጭ በሉ ቢባሉ እምቢ አሉ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ የእሳቸው አቋቋም ግን የሚለምን ሰው አይመስልም። እኔም በትሕትና ልቅደም ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ አልሁ።

ዝቅ አልሁ፤ እዚያው ቀረሁ።

«በሥላሴ፣ ይነሡ እንጂ!» አሉ መሪጌታ። አልተነሣሁም። «ኧረ ይነሡ!» በየት በኩል ልነሣ። ከጉልበታቸው ሥር ሆኜ የማየው ጫማቸውን ብቻ ነው፤ ጫማው አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አለ። ቀስ ብለው፣ በሐዘን ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ስለዚህ እውነት ነው ማለት ነው። የማን ደም ነው?»

«ወገቤ!» አልሁ ከመሬት።

«ምን አሉ?»

«መሪጌታ፣ እኔ በዕድሜዬ ደም ያፈሰስሁት በመርፌ ነው፤ ያውም የገዛ ጣቴን! ወገቤ ተያዘብኝ!»

የጓዳው መጋረጃ ተወረወረ። ስመኝ ናት። ሽማግሌ ባለበት ሙሽራ አትወጣም፤ ወጣች። የአማቷን ፊት ሳታይ አጎዛውን ከቆጡ ሳበች፣ አነጠፈች፣ በብብቴ ገብታ አንበረከከችኝ።

«አባዬ፣ እጅህን መሬት አድርግ። ትንፋሽህን ተከተል። ጀርባህን እንደ ድመት አጉብጥ። አሁን ልቀቀው።»

አማች ሊሆኑ በመጡ ሰዎች ፊት እንደ ድመት ጎበጥሁ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ድመት ነው» አለች ልጄ፣ ሕመምተኛ ይዛ እንደምትናገረው ረጋ ብላ።

«ቀጥሎስ?»

«ውሻ። ከዚያ ደግሞ ለጥ ብሎ አንገትን ቀና ማድረግ አለ፤ እሱ እባብ ነው።»

ድመቱንም ውሻውንም እባቡንም ሠራሁ። ሦስተኛው ላይ ወገቤ ቋ አለና ለቀቀኝ። ተነሥቼ ቆምሁ። እጄን ዘረጋሁ፣ ጎንበስ አልሁ፣ በግንባሬ ተደፋሁ፣ ተነሣሁ፤ እነሆ ደሜ ብዬ ያን ሁሉ ሐሜት ያመጣብኝን አሳየኋቸው።

«የዚህስ ስሙ ማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

እኔና ስመኝ ተያየን። ቄስ ሙሉቀን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የወገብ መፍቻ ይባላል» አሉ በሙሉ ሥልጣን።

ስመኝ ከአጎዛው አጠገብ እንደ ተንበረከከች ቀርታለች፤ ያደረገችው አሁን ገና ታውቋት የአጎዛውን ጠጉር በጣቷ ትነጫለች። ሽማግሌው እጇን አዩ፣ ወደኔ አዩ፣ ቀጥሎ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ ማኅሌት ሲቆም ላደረ ወገብስ ይሆናል?» አሏት።

ጥሩዬ እልል አለች። መሪጌታ ያን ቀን ቁጭ ያሉት በመደብ ላይ አይደለም፤ አጎዛው ላይ ነው። ሲሄዱም ይዘውት ሄዱ። አጎዛ ሰጥቼ ዘመድ አገኘሁ።

ሰርጉ በግንቦት ተሠርጎ አለፈ፤ ያን ደስታ ልንገራችሁ ብል ወረቀቱ አይበቃም። እኔ ግን ከሰርግ የተረፈ ሰው እንደሚሆነው ሆንሁ። ዛሬ ደከመኝ፣ ነገ እጀምራለሁ፣ አዲስ አጎዛ ልግዛ እያልሁ ዮጋውን ተውሁት። ሰኔ ገብቶ የሐዋርያት ጾም ሲጀመር አንድ ማለዳ አጥሩ በዱላ ተደበደበ።

«አንተ ሰው! ተነሥ!»

ወይዘሮ እታገኝ ናቸው። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

«ምነው፣ ምን ሆኑ ወይዘሮ እታገኝ?»

«ትተኛለህ? መሪጌታ እኮ በየማለዳው ሞጣ ላይ ካንተ በወሰዱት አጎዛ ላይ ይወድቃሉ ይነሣሉ አሉ። ትናንት ነው ከዚያ የመጣ ሰው የነገረኝ። ያንተን ቀኖና እኮ ነው እኩሌታውን ተሸክመው የሄዱልህ! እግራቸው ላይ ወድቀህ ስትለምናቸው በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ይገኛል? አንተ ግን ለእሳቸው ጭነህ ትተኛለህ!»

«ኧረ እሳቸውም ወገባቸውን አሟቸው ነው!»

በአጥሩ ክፍተት አዘን ብለው አዩኝ። «አንተም እንዲያ ነበር የምትል» አሉኝ። «በል ተነሥ ወንድሜ። የገደልኸውም ሰው ነፍሱን ይማረው፤ ያንተም አትጥፋ።»

ምን ልበላቸው? አጎዛ ፈልጌ አነጠፍሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክረምት አልል ጭቃ አልል፣ አንድም ማለዳ አልቀረሁም። ትንሽ ካረፈድሁ አጥሩ ይንኳኳል። ወገቤ ዛሬ እንደ መቋሚያ ቀጥ ያለ ነው። ባለፈው ስመኝ ደውላ፣ «አባዬ፣ በየቀኑ መሥራቱን እንዴት ቻልህበት? በሽተኞቼ ሁሉ ይጠይቁኛል» አለችኝ።

ምንጣፉም አይደለም፣ ስልኩም አይደለም፣ ቀጭኗም ልጅ አይደለችም አልኋት። ጎረቤት ነው የሚያስፈልገው፤ ሰው ገድሏል ብላ የምታምን፣ ነፍሱ እንድትጠፋ ግን የማትፈልግ።